ሦስተኛው ክፍል

መጋቢት ሲገባ፣ በረዶው ሳይለቅ፣
ከሱፒሪየር ሐይቅ ነፋሱ ሲዘልቅ፣
እኔ ነኝ በወረዳው መስኮት የምቀመጥ፣
የሰዉን ንዴት በማኅተም የምለውጥ።

የግምት ደብዳቤው በደረሰ ማግሥት
መንደሩ ይመጣል፣ በረዶ በጫማው፣ በጁ ይዞ ወረቀት።
አንዱ «ቤቴ ሰማይ የወጣው መቼ ነው?» ይለኛል፤
ሌላው የጣራውን ቀዳዳ በስልኩ ያሳየኛል።
ሊሸጠው ያላሰበው ቤት ዋጋው ሲጨምር
ሰው ደስ አይለውም፤ ይገርማል ይህ ነገር።

እኔም እላለሁ፣ አርባ ጊዜ በቀን፦
«ግምት ግብር አይደለም፣ አይደባለቅብን።
ቤትዎ ዛሬ ቢሸጥ ከሚያወጣው ዋጋ
እኩሌታው ብቻ ነው ለሒሳብ የሚጠጋ።
ከዚያ፣ ከየሺው ላይ፣ ትንሽ ትነሣለች፤
እሷ ትምህርት ቤት፣ እሷ ድልድይ ትሆናለች።»
ብዬ እጨርሳለሁ። ማንም አይሰማኝም።
የተናደደ ሰው ሒሳብ አይገባውም።

ቶይቮ ራንታ መጣ፣ ዓርብ፣ ልንዘጋ ስንል።
ሰማንያ ሁለት ዓመቱ። ኮፍያው ሰጋቱራ ሰጋቱራ ይላል።
አልጮኸም። ዘረጋው፣ ዳበሰው ወረቀቱን፣
በጣቱ ቸነከረ አንዲቱን መስመሩን፦

«መኝታ ክፍል፣ ሦስት ይላል። እኔ ሁለት አለኝ።
ለሌለ ግድግዳ ግብር የምከፍለው ስለ ምንድን ነው?» አለኝ።
«የእንፋሎት ቤቴን ጻፉት፣ አልቃወምም፤
ጭሱ ይመሰክራል፣ ልደብቀው አልችልም።
ይሄኛው ግን…»

ደመርኩ። ቀነስኩ። በዓመት ልዩነቱ
አርባ አንድ ዶላር ነው፤ ትንሽ አይደለም ለጡረታ ቤቱ።
ምድር ቤት ወርጄ ካርዱን አወጣሁት፣
ቢጫ፣ ጠርዙ የተበላ። ሳላነበው አመጣሁት፣
ሳላነበው ወደ እሱ አዞርኩት።
ጥፋቱ የኔ ነው።

የሰባ አራቱ ገማች፣ ነፍስ ይማር፣ ያ ሰው
ከቤቱ ንድፍ ጎን በእርሳስ የጻፈው፦
«ሦስተኛ ክፍል፣ በሰሜን በኩል። ምሰሶው ቆሟል።
ባለቤቱ ‹እስከ ሰኔ ይደርሳል› ብሏል።
ሚስቱ ነፍሰ ጡር ናት።»

ሦስት መስመር ጽሑፍ ነው። እሱ ግን ቆየበት።
የበረዶ ማረሻው በደጅ ሲያልፍ መስታወቱ ተንቀጠቀጠ፤
ቶይቮ ቀና አላለም።

«ሄልሚ፣» አለ ኋላ፣ «አፍርሰው አላለችኝም።
እኔም አላፈረስኩ። ጣራ ግን አላለበስኩም።
ሰኔ መጣ፣ ሄደ። በሦስተኛው ዓመት
በረዶ ሰበረው።
ማገዶ አደረግነው። ሞቅን፣ ሁለት ሳምንት።»

ቅጹን አቀረብኩለት፦ «እዚህ ጋ ይፈርሙ፤
ክፍሉ ይሰረዛል፣ ይቀላል ሸክሙ።
ሃምሳ ዓመት ሙሉ በትርፍ ነው የከፈሉት።»
እስክሪብቶውን ያዘ። ክዳኑን ከደነው።
እንደገና ከፈተው።

«የልደት ወረቀት የለ፣ የመቃብርም የለ፤
ዓለም ላይ በጽሑፍ እዚህ ብቻ አለ።
ተዪው።»

ያለፈውንም ዙር ዕዳ ከፈለ፣ ከነሳንቲሙ፤
በቼኩ ላይ እንደ ተማሪ ተጠንቅቆ ጻፈ ስሙን።
ደረሰኙን አጥፎ በደረት ኪሱ ከተተው።
ደንቡ ግልጽ ነው፦ ስሕተት ያየ ሹም ማረም አለበት።
እኔ መሳቢያውን በክርኔ ገፋሁት።

ማታ ወደ ቤት ስነዳ ማረሻው ከፊቴ ነበር፣
ቢጫ መብራቱን እያዞረ መንገዱን ሲመነጥር።
የማን ገንዘብ ይሆን ነዳጁ? አልኩ። የማን ክፍል?
ሲያልፍ ግራና ቀኝ በረዶው እንደ ግድግዳ ይከመራል።

የኔም ደብዳቤ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ አለ፣
ሳምንት ሆነው፣ ሳልቀደው እንደታሸገ ያለ።
አውቀዋለሁ ምን እንደሚል፦ አዲሱን በረንዳዬን ቆጥረዋል።
ልክ ናቸው።
አለ።